ደብተሩን ዝጊውና ንገሪኝ

112ኛው ጥያቄ ላይ ፈተናው በድንገት ቆመ። እዚህ አሜሪካ የነርስነት ፈቃድ ፈተና የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። ጥያቄው ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ነው፤ የተፈቀደው ጊዜ 5 ሰዓት ነው። ማሽኑ እያንዳንዱን መልስ እያየ ቀጣዩን ጥያቄ ያከብዳል ወይም ያቀላል፤ ስለ ተፈታኙ የሚበቃውን ያህል ሲያውቅ ይዘጋል። ላለፈም ለወደቀም የሚዘጋው በአንድ ዓይነት መንገድ ነውና ከአዳራሹ ስወጣ የማውቀው ነገር አልነበረም። ውጤቱ ሲመጣ ወድቄአለሁ።

ያን ዕለት ማታ ልጆቼን አስተኝቼ አራቱን ደብተሮቼን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ደረደርኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ፣ በላውንደሪ፣ በሥራ እረፍት ሰዓት የጻፍኋቸው ናቸው። የመድኃኒቱ ስም በቢጫ፣ የላቦራቶሪው ቁጥር በሮዝ፣ አደጋው በአረንጓዴ ሃይላይተር ተሰምሮበታል። ከፈተናው ትዝ ያለኝን አንድ ነገር ፈለግሁ፤ አገኘሁት። ሌላ ፈለግሁ፤ እሱም ነበር፣ ያውም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። ሁሉም እዚያ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ መውደቄ ብቻ አልነበረም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ ብዬ ነበር ወደ ፈተናው የሄድሁት። እውቀቱ ወረቀቱ ላይ ከሆነ እኔ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? ሰው አንድን ነገር አወቀ የሚባለው ነገሩ የት ሲገኝ ነው?

ዳግመኛ ለመፈተን ቢያንስ 45 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። የሚኖሩት ደብረ ታቦር ነው፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ከሕክምናም የሚያውቁት የራሳቸውን የደም ግፊት ኪኒን ነው። መውደቄን ስነግራቸው ለማጽናናት አልቸኮሉም። "እንዴት አድርገሽ ነበር ያጠናሽው?" አሉኝ። ደንገጥ አልሁ፤ ጥፋት የሚፈልጉብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ሸማኔ ሌላውን ሸማኔ ስለ ድርና ማጉ እንደሚጠይቀው ነበር። አነባለሁ፣ አሰምራለሁ፣ እንደገና አነባለሁ፣ ወደ ሌላ ደብተር እገለብጣለሁ አልኋቸው።

"መቼ ነው የምትዘጊው?"

"ምኑን?"

"ደብተሩን።"

መልስ አልነበረኝም።

"በይ አሁን ዝጊውና ትናንት ያነበብሽውን ንገሪኝ።"

ከዚያ በኋላ ሌሊት ስሠራ አድሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስወጣ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መኪና ማቆሚያው ላይ ሞተሩን ሳላስነሳ እደውልላቸዋለሁ። እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ታናሽ ወንድሜ ቫይበሩን ከፍቶ ስልኩን ጆሮአቸው አጠገብ ይይዝላቸዋል።

የመጀመሪያው ቀን ስለ ዲጎክሲን ነበር። "ልብን የሚያበረታ መድኃኒት ነው፤ ከመስጠቴ በፊት የልቡን ምት ደረቱ ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤ ከ60 ካነሰ አልሰጥም" አልሁ።

"ለምን?"

"ልብን ስለሚያዘገይ።"

"አሁን ያበረታል አላልሽም?"

ቆምሁ። ሁለቱም በደብተሬ ውስጥ ተጽፈዋል፤ አንዱ በቢጫ፣ አንዱ በአረንጓዴ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አይቻቸው ግን አላውቅም። ብዙ አስቤ፣ የእያንዳንዱን ምት ጉልበት ይጨምራል፣ የምቱን ብዛት ግን ይቀንሳል አልሁ። "እንዲያ በይ" አሉ። ቀጥለው ከምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። አበባ ካለው ከአንድ ተክል ቅጠል ነው አልሁ፤ ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1785 እ.ኤ.አ. ስለዚያ ተክል መጽሐፍ ጽፏል። ቅጠል መሆኑን ሲሰሙ ድምፃቸው ተለወጠ። ቅጠል የሚያውቁት ነገር ነው። "መጠኑ ሲያልፍ መርዝ ይሆናል በያ!" አሉኝ፤ ወደዚያ ልወስዳቸው ገና እያሰብሁ ነበር። አዎ፣ በተለይ የሰውየው ደም ውስጥ ፖታሲየም ሲያንስ። ፖታሲየሙ ከ3.5 እስከ 5.0 መሆን አለበት፤ መድኃኒቱና ፖታሲየሙ የሚሻሙት አንድ ቦታ ነው፤ አንዱ ሲያንስ ሌላው ይሰፍርበታል። ይህን ሁሉ በአማርኛ ለማለት ላብ አላበኝ። በእንግሊዝኛው ቃል ጀርባ መደበቅ አልቻልሁም፤ ያልገባኝ ነገር ሁሉ አባቴ ጆሮ ላይ ሲደርስ ያስታውቅ ነበር።

ስረሳ አይነግሩኝም። ቢፈልጉም አያውቁትም። ስለዚህ ዝም ይላሉ። በስልኩ ውስጥ የጓሮ ዶሮ፣ የወንድሜ ሳል፣ ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል። አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ ሙሉ እንዲሁ ይቆያሉ። ሰው ያለ አንዳች ትዕግሥት ማጣት ሁለት ደቂቃ ሲጠብቅህ ምን ያህል እንደሚያሳፍር፣ ምን ያህልም እንደሚያከብር የደረሰበት ያውቀዋል። አንድ ቀን አልቻልሁምና "ደብተሩን ልግለጠው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ትንሽ ፈልጊው። ስትፈልጊው ነው የሚጠናው" አሉኝ።

ይህቺ ቃል ከዚያ ወዲህ ከልቤ አልወጣችም። ጠና ማለት በረታ፣ ጸና ማለት ነው፤ ዕድሜው የጠና ሰው እንላለን፣ በሽታው ጠናበት እንላለን። ማጥናት እንግዲህ እንዲጠና ማድረግ ነው፤ ግእዙ ጸንዐ የሚለው ነው። አርባ ዓመት አማርኛ ስናገር ጥናትና ንባብ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አነበብሁ እንጂ አላጠናሁም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ፈትነውታል። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ጽሑፉን ሳያዩ ለማስታወስ የደከሙት ናቸው። የከፋው ነገር ደግመው ያነበቡት ይበልጥ እንደምናስታውስ እርግጠኞች ነን ማለታቸው ነው። ያ እርግጠኝነት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ይዤው ነው ፈተና የገባሁት።

አባቴ ከቤታቸው ለትምህርት የወጡት በዐሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ። የቃል ትምህርት የሚባለው ሌሊት ነበር። መብራት ስለሌለ መጽሐፍ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ትልቁ ተማሪ ይላል፣ ታናሹ ይቀበላል። ጠዋት የተቀበለውን ለየኔታ መልሶ ያሰማል። ለልመና መንገድ ሲወጣ ያነበንባል። ማታ ደግሞ ከእሱ ለሚያንስ ይሰጣል። ያንኑ አንድ ነገር በአንድ ቀን ውስጥ እየተቀበለ፣ እየመለሰ፣ እየሰጠ ይውላል። ቀለም ገባው የሚባለው እንዲህ ላለው ልጅ ነው። እዚያ ቀለም ብራና ላይ ከመፍሰሱ በፊት ሰው ውስጥ ይገባል።

ሁሉንም አላወድስም። አርጩሜው ነበር። ሳይገባቸው ቀርቶ፣ ታመው፣ ተርበው በመንገድ የቀሩ ልጆች ነበሩ፤ ስለ እነሱ የሚያወራ የለም፣ የተረፉት ናቸውና የሚያወሩት። ደግሞ አባቴ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ከያዙ በኋላ ትርጉሙ የገባቸው ከዓመታት በኋላ ቅኔ ቤት ገብተው ግእዙን ሲማሩ ነው። እሳቸው በዚህ አይቆጩም፤ "ቃሉ ቀድሞ ገብቶ ቤቱን ጠርጎ ጠበቀኝ" ይላሉ። እኔ ግን እዚህ ላይ ከአባቴ እለያለሁ። ለጸሎት እንዲያ ሊሆን ይችላል። በሽተኛ አልጋ አጠገብ የቆመ ሰው ግን ሳይገባው በያዘው ቃል ሰው ይገድላል። ነግሬአቸዋለሁ፤ "ለዚህ አይደል ወይ ለምን እያልሁ የምጠይቅሽ?" አሉኝ።

በእነዚያ የዝምታ ደቂቃዎች ውስጥ አንድ ነገር ይገርመኝ ጀመር። የሄፓሪን ማርከሻ ማን ነበር? ጠፍቶኛል። ቫይታሚን ኬ ይመጣብኛል፤ አይደለም፣ እሱ የዋርፋሪን ነው። ካልሲየም ግሉኮኔት ይመጣል፤ እሱም አይደለም፣ እሱ የማግኒዥየም ነው። መልሱን ካላወቅሁት የመጡት እንዳልሆኑ በምን አወቅሁ? የጠፋው ነገር ጨርሶ ከጠፋ እኔ ውስጥ ተቀምጦ "እኔ አይደለሁም" የሚለው ማነው? ከዚያ ፕሮታሚን የሚለው ሲመጣ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት፤ መንገድ ላይ ዘመድ እንዳገኘሁ ሆንሁ። በወንጌል ዐሥር ድሪም ከነበራት አንዱ የጠፋባት ሴት አለች፤ መብራት አብርታ ቤቷን ጠርጋ ፈልጋ ያገኘችው። ስብከቱን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ድሪሙ አዳም ነው ይባላል። በመኪናዬ ውስጥ ያስተዋልሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ሴቲቱ ወደ ገበያ አልወጣችም። የጠረገችው የራሷን ቤት ነው፤ ድሪሙ የጠፋውም እዚያው ቤት ውስጥ ነውና። መርሳትም እንደዚያ ይመስለኛል። የረሳነው ነገር ከቤት አልወጣም፤ የወጣው ከብርሃን ነው። ደብተር መግለጥ ጎረቤት ሄዶ ሌላ ድሪም እንደ መበደር ነው። ይሠራል፣ አይነወርም። ቤቱ ግን ሳይጠረግ ይቀራል።

ኮሌጅ ሳለሁ በግድ ከወሰድሁት አንድ የፍልስፍና ትምህርት የቀረኝ አንድ ታሪክ ነው፤ ፕላቶ ፌድሮስ በተባለው መጽሐፉ የጻፈው። ቴውት የተባለ የግብጽ አምላክ ፊደልን ፈጥሮ ወደ ንጉሥ ታሙስ ይመጣና ይህ የማስታወስ መድኃኒት ነው ይለዋል። ንጉሡ አይቀበለውም። ሰዎች በፊደሉ ታምነው በውስጣቸው መፈለግን ይተዋሉ፤ የሰጠኸን ለማሳሰብ እንጂ ለማስታወስ አይደለም፤ ሳያውቁም የሚያውቁ ይመስላቸዋል ይለዋል። ያኔ ቁጭ ብዬ በሮዝ ሃይላይተር አሰመርሁበት።

አሁን ሳስበው ግን ንጉሡ ግማሹን ነው ያየው። ሌላውን ግማሽ የማየው በአባቴ ቤት ነው። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሺህ ዓመት ያህል የኖረው በአፍና በጆሮ ነው። ምልክት የተሠራለት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው፤ ሠሪዎቹ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ብዙ ቤተ ክርስቲያንና ብዙ መጽሐፍ ከተቃጠለበት ከግራኝ ጦርነት በኋላ ነውና፣ የሚያዜሙት ሰዎች አልቀው ዜማው እንዳይጠፋ ፈርተው ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፤ ከእነዚህም ጋር ከታወቁ የዜማ ሐረጎች የተቆረጡ ደቃቅ ፊደላት በመስመሮቹ መካከል ይጻፋሉ። ምልክቶቹ ግን ዜማውን ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግሩትም። ከመምህሩ አፍ የሰማውን ሰው ብቻ ነው የሚያሳስቡት። እነዚያ ሁለት ሊቃውንት ንጉሡ የፈራውን ያውቁት ይመስል፣ ያላወቀ ሰው አወቅሁ ሊልበት የማይችል ጽሕፈት ሠሩ። አማርኛችን ማስታወሻ የሚለው ይህን ነው። አባቴም ድጓቸውን፣ የያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ በመቃ ብዕር ብራና ላይ በእጃቸው ጽፈው፣ ለማስመስከር የድጓ ምስክር ቤት ወዳለበት ቤተልሔም ይዘውት የወረዱት ዜማውን ካወቁ በኋላ ነው። መጻፍ መጨረሻ ነበር፤ እኔ መጀመሪያ አደረግሁት።

ስለዚህ አጻጻፌን ለወጥሁ። አንድ ክፍል አነብና መጽሐፉን እዘጋለሁ። ድምፄን አውጥቼ እናገረዋለሁ። ከዚያ የተናገርሁትን ብቻ በጥቁር እስክሪብቶ እጽፋለሁ። ከዚያ መጽሐፉን ገልጬ የረሳሁትን በመካከሉ በቀይ አስገባለሁ። በብራና መጻሕፍታችን ቀዩ ቀለም የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ነው፤ በእኔ ደብተር የረሳሁት ነገር የሚጻፍበት ሆነ። በሚቀጥለው ጊዜ ከቀዩ እጀምራለሁ። ገጹ አያምርም። እንደ በፊቱ ደብተሮቼ ለሰው አላሳየውም።

መቼ መቼ እንደምመለስበት ግን አላወቅሁም ነበር። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ከሞተች በኋላ።

እናቴ ያረፈችው ከፈተናው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ወረቀቴ ስላላለቀ መሄድ አልቻልሁም። ያደረግሁት አንድ ነገር ቢኖር ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀኖቿን ማክበብ ነው፤ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። እያንዳንዱን ቀን እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አስቤያታለሁ፤ አርባዋን ከአገር ልጆች ጋር እንጀራና ወጥ አድርገን አውጥተናል። ያንን የቀን መቁጠሪያ አልጣልሁትም። ለጥናት መርሐ ግብር ላወጣ ወረቀት ስፈልግ ከመሳቢያው ወጣና እጄ ላይ ቀረ። ክቦቹን አየኋቸው። መጀመሪያ ይቀራረባሉ፤ ከዚያ ይራራቃሉ፤ ከዚያ ደግሞ ይበልጥ ይራራቃሉ። ሐዘን የሚሄድበትን መንገድ ተከትለው።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን ራሱ በቃሉ እየያዘ፣ ራሱ እየረሳ መርሳትን ለክቷል። ሰው የያዘውን በብዛት የሚጥለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መጣሉ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ መመለሱ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ ራቅ ራቅ ቢል ይበቃል። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አየ፦ ጨርሶ የጠፋ የመሰለውን ነገር እንደገና ሲማረው ከመጀመሪያው ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ የተማረው አልያዝ ብሎት ተስፋ ሲቆርጥ፣ ዛፍ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የወጣች ትል አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ ይባላል፤ ሰባተኛው መውጣት የቆመው በስድስቱ መውደቆች ላይ ነው ብዬ እንዳምን ያደረገኝ ይህ የኤቢንግሃውስ ግኝት ነው። መውደቋ ባክኖ አልቀረም።

በሣልስት፣ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳና በአርባ ቀን ገጾቼን ልከልስ ወሰንሁ፤ በ45 ቀኔ ውስጥ ልክ ይገባሉ። ከወሰንሁ በኋላ ግን ከበደኝ። የእናቴን የጸሎት ቀኖች ለፈተና ማዋል ድፍረት መሰለኝ። ለአባቴ ነገርኋቸው። ነውር ነው አላሉኝም፤ ያረሙኝ ሌላ ነገር ነው።

"ተዝካሩ እኛ እንዳንረሳት መሰለሽ? እኛማ ብንረሳትም ብናስታውሳትም ምን እናደርግላታለን? እግዚአብሔር በመንግሥቱ እንዲያስባት ነው።"

"እግዚአብሔር ይረሳል እንዴ?"

እዚህ ላይ ዝም አሉ። የእኔ ዝምታ ዓይነት አልነበረም፤ የትኛውን እንደሚያስቀድሙ የሚያመዛዝኑ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ስለ ኖኅ ጀመሩ። ከጥፋት ውኃ በኋላ እግዚአብሔር ቀስቱን በደመና አኖረ፤ አይቶት ቃል ኪዳኑን እንደሚያስብ ተናገረ። "የማይረሳው ለምን ምልክት አኖረ? አንድም ለኖኅ ነው፤ ዝናም ባየ ቁጥር እንዳይፈራ። አንድም ምልክት የመርሳት መድኃኒት አይደለም፤ የቃል ኪዳን ነው። እመለሳለሁ ያለ ሰው ምልክት ያኖራል።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መኪናው ውስጥ ቆየሁ። አራቱ ደብተሮቼ ምን እንደነበሩ ያኔ ገባኝ። በየገጹ እመለሳለሁ ብዬ ምልክት አኑሬ አልተመለስሁም። በመርሳቴ ሳፍር ኖሬአለሁ፤ መርሳት ግን ሰው መሆን ነው፣ ያሬድም ረስቷል። የሚያሳፍረኝ ሌላው ነበር። ቃል ገብቶ መቅረት።

ቀኔ እንደ ሞላ ተፈተንሁ፤ አለፍሁ። አሁን ልብ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ።

ትልቋ ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። "ሁሉም ስልክ ላይ አለ፣ ለምን እሸመድዳለሁ?" ትለኛለች። ጥያቄዋ እውነተኛ ስለሆነ በቁጣ አልመልሰውም። አንድ ሌሊት ያየሁትን ነገርኋት። አንድ አዛውንት መብራቱ ቢጫ ሆነብኝ፣ አጥፊልኝ አሉኝ። የክፍሉ መብራት ነጭ ነው። ያች ቢጫ የምትል ቃል በውስጤ ሌላ ነገር ቀሰቀሰች። ዲጎክሲን ሲበዛ ዓይን ነገሮችን ቢጫ ወይም አረንጓዴ አድርጎ ያያል፤ ማቅለሽለሽም ያመጣል። እራት እንዳልበሉ ትዝ አለኝ። የሚወስዱትን መድኃኒት አየሁ፣ ሐኪሙን ጠራሁ፣ ደማቸው ተመረመረ፤ ፖታሲየሙ ወርዶ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ኮምፒውተሩም አጠገቤ ነበር። ነገር ግን የሰማሁት ጥያቄ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ማንን እጠይቅ ነበር? መብራቱን አጥፍቼላቸው እወጣ ነበር። ልጄ አሰበችና "ስለዚህ መልሱን ሳይሆን ጥያቄውን ነው የያዝሽው" አለችኝ። ከእኔ በተሻለ ብላዋለች።

ባለፈው ጥር ደብረ ታቦር ሄድሁ። የአባቴ ድጓ ከአልጋቸው ራስጌ በማኅደሩ እንደ ተንጠለጠለ ነው። ሲያወርዱት እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ገለጥሁት። የብራናው ጠርዝ በጣት ብዛት ጠቁሯል፤ አንድ ቦታ ላይ የፋቁት ፊደል ጥላው ይታያል። ግእዙን ፊደል ቆጥሬ አነብባለሁ፤ አንዳንዱ ቃል ይገባኛል። በመስመሮቹ መካከል ያሉት ደቃቅ ምልክቶች ግን አልተናገሩኝም። እጃቸውን፣ ድካማቸውን፣ ወጣትነታቸውን አየሁ፤ ዜማውን አልሰማሁም። እንደ እኔ ደብተር ሁሉም እዚያ ነበር፤ ተማሪዎቻቸው ደግሞ አሁን ጥቂት ናቸው።

"ያዜሙልኝ" አልሁ።

መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ዘጉት። ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ ሐረግ አዜሙና ዝም አሉ። እየጠበቁኝ መሆኑን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ተቀበልሁ፤ ተሳሳትሁ። እንደገና አሉት። እስኪመሽ አንድ መስመር ያዝሁ።

ከተመለስሁ በሦስተኛው ቀን ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪናው ውስጥ አልሁት፤ ሙሉ ነበር። በሰባተኛው ቀን መሀሉ ጠፋብኝ። ጠዋት ስወጣ ደወልሁላቸውና ከመጀመሪያው ጀመርሁ። የጠፋብኝ ቦታ ላይ ስደርስ ቆምሁ። ዶሮው ይሰማኛል፣ የወንድሜ ሳል ይሰማኛል። አሁን መልሱን ያውቁታል። ዝም ብለው ጠበቁኝ።